ቦንሳይ በረሃብ አያንስም፦ ስለ ፋይከስና ስለ ሞስ ተረቱና እውነታው

ዛፍን በሸክላ ውስጥ አሳንሶ የማሳደግ ጥበብ ከቻይና ተነሥቶ በጃፓን ጎልብቷል፤ ዓለምም የሚያውቀው ቦንሳይ በሚለው የጃፓን ስሙ ነው። መገረዝን ስለሚችልና የቤት ውስጥ ኑሮን ስለሚለምድ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ፋይከስን ነው። ሾላና ዋርካ የዚሁ ወገን ናቸውና ለእኛም እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ አያያዙ የሚነገሩት አብዛኞቹ ስሕተቶች የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ዛፉ ትንሽ ሆኖ የሚቀረው ውሃና ምግብ ስለሚነፈገው ነው ከሚል እምነት። በዚህ እምነት ስንቱ ለጋ ችግኝ ቅርጽ ሳይዝ ይደርቃል። ዛፍ አጥሮ የሚያምረው ግን በሚገባ ጠጥቶና ተመግቦ ሲያድግ፣ ያደገውም በማስተዋል ሲገረዝ ነው።

ተረት 1፦ ቦንሳይ በዘሩ ድንክ የሆነ፣ ወይም በረሃብ የተቀጨ ዛፍ ነው።

እውነታ፦ የቦንሳይ ዘር የሚባል ነገር የለም። ለቦንሳይ በብዛት የሚያገለግለው ፋይከስ ማይክሮካርፓ በትውልድ አገሩ በእስያ ሜዳ ላይ ሲተከል ትልቅ ጥላ ያለው ዛፍ ይሆናል። የሚያሳንሰው መቀሱ ነው። የቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለው እንቡጥ ከታች ያሉት እንዳይነቁ የሚያደርግ ሆርሞን ወደ ታች ይልካል፤ ጫፉ ሲቆረጥ የታችኞቹ ይነቁና ዛፉ ቅርንጫፈ ብዙ እየሆነ ይሄዳል። ለዚህ ግን በግንዱና በሥሩ የተከማቸ ስንቅ ያስፈልገዋል። የተራበ ዛፍ ሲገረዝ አዲስ ቀንበጥ ለማውጣት አቅም ያጣል፤ ቅርንጫፉም ይደርቃል። መግረዙ ራሱ ዛፉን ማሠቃየት አይደለምን የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆነን ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ሲገረዝ የኖረው የያማኪ ጥድ የተባለው ቦንሳይ ነው። ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል በዚያች ከተማ ነበር፤ ከጥፋቱ ተርፎ በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ተሰጠ፤ ዛሬም በዋሽንግተን ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ይታያል። ሲሠቃይ የኖረ ዛፍ ይህን ያህል ዕድሜ አያገኝም።

ተረት 2፦ ለጋ ችግኝ ወዲያው በትንሽ ሸክላ ከተተከለ ቶሎ ቦንሳይ ይሆናል።

እውነታ፦ ግንድን የሚያወፍረው በቅጠሎች የሚሠራው ምግብ ነው። ቅጠሉ የበዛ፣ ሥሩ የተንሰራፋ ችግኝ ቶሎ ይወፍራል፤ በጠባብ ሸክላ የተወሰነው ግን ለዓመታት ቀጭን እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በሰፊ ዕቃ ወይም በመሬት ላይ እንደልቡ ይደግ፤ ግንዱ የሚፈለገውን ውፍረት ሲይዝ ይቆረጥ፤ ጥልቀት የሌለው ሸክላ የመጨረሻ ቤቱ ይሁን። ቦታ የሌለው ሰው ከመጀመሪያው በትንሽ ሸክላ ቢተክል ዛፉን አይገድለውም፤ የወፈረ ግንድ ግን በቶሎ አይጠብቅ። ለጋ ቅርንጫፍ በአሉሚኒየም ሽቦ ተጠምጥሞ ይታጠፋል፤ ፋይከስ በፍጥነት ስለሚያድግ ግን ሽቦው ልጡን ሳይበላ በጊዜው ተቆርጦ መውጣት አለበት። ሲቆረጥ የሚፈሰው ነጭ ወተት ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ማድረግ ይበጃል።

ተረት 3፦ ሞስ የዛፉን ምግብ ይሻማል፤ አረንጓዴ ከሆነ ግን ዛፉ ውሃ እንደጠገበ ያሳያል።

እውነታ፦ ሞስ በክረምት እርጥብ ድንጋይና የጥላ ግድግዳ ላይ የሚበቅለው አጭር አረንጓዴ ተክል ነው፤ በቦንሳይ አፈር ላይ ለጌጥ ይነጠፋል። እውነተኛ ሥር የለውም፤ መሬትን የሚቆነጥጠው እንደ ፀጉር በቀጠኑ ክሮች ነው፤ ውሃውንም በአብዛኛው የሚወስደው በቅጠሎቹ ነው። ስለዚህ ከዛፉ ጋር በምግብ አይሻማም፤ እንዲያውም ውሃ ሲፈስበት አፈሩ እንዳይታጠብ ይከላከላል። አደጋው ሌላ ነው፤ ሞስ ዓይንን ያታልላል። ላዩ በውሃ ሲረጭ ይለመልማል፤ ሥሩ ያለበት አፈር ግን ደርቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጣት ወይም በቀጭን እንጨት አፈሩን ውስጡ ድረስ መፈተሽ፣ ሲደርቅም ውሃው በታችኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ማጠጣት ይገባል። ሞስ ሥር ያበሰብሳል የሚሉም አሉ፤ ሥርን የሚያበሰብሰው ግን አየር የማያስገባ ጭቃማ አፈርና ቀዳዳ የሌለው ሸክላ ነው። ይህም ሆኖ ሞሱ ግንዱ ላይ እንዳይወጣ መጠበቅ፣ ችግኙም ገና እያደገ ሳለ የሞሱን ጌጥ ለኋላ ማቆየት ይሻላል።

ተረት 4፦ ቅጠሉ ከረገፈ ውሃ ጠምቶታል።

እውነታ፦ ፋይከስ ቦታ ሲቀየርበት፣ ብርሃን ሲያንሰው ወይም ብርድ ሲመታው ቅጠሉን ያረግፋል። ውሃን ከሥር ወደ ላይ የሚስበው በዋናነት ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ያለቀበት ዛፍ ጥቂት ይጠጣልና በዚያን ጊዜ የሚጨመርለት ውሃ ሥሩን ይጎዳዋል። መድኃኒቱ ብሩህ መስኮት አጠገብ አስቀምጦ፣ ቦታውን ሳይቀያይሩ፣ አፈሩን እየፈተሹ መታገሥ ነው።

እንግዲህ ለጋ ፋይከስ የያዛችሁ ሁሉ፣ መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት ዛፉ አዲስ ቀንበጥ እያወጣ መሆኑን አረጋግጡ። እያወጣ ከሆነ ግረዙት፤ ካልሆነ ብርሃን፣ ውሃና ማዳበሪያ ሰጥታችሁ እስኪጠነክር ጠብቁት።