ኩበት፣ እንጀራና የምንጭ ውኃ፦ በመካነ ሰላም አካባቢ የአነስተኛ ንግድ ጫናና ጥገኝነት

የንግድ ተቋማት ከምግብ፣ ከኃይል፣ ከውኃና ከአካባቢ ጋር ያላቸው ትስስር ሲጠና በምሳሌነት የሚቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ የአበባ እርሻዎች፣ የስኳርና የቢራ ፋብሪካዎች ናቸው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ግን ንግድ ማለት በአመዛኙ ምግብ ቤት፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ዳቦ ቤት፣ ጠላና አረቄ ቤት ነው። እያንዳንዱ ትንሽ በመሆኑ ጫናውም ትንሽ ይመስላል። ይህ ጽሑፍ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው መካነ ሰላም ላይ በማተኮር፣ በእነዚህ ተቋማትና በገጠሩ ማሳ መካከል ያለውን ግንኙነት ተራ በሚመስል ነገር፣ በኩበት፣ በኩል ለማሳየት ይሞክራል።

ኩበት ለገዢው ማገዶ ነው፤ ለማሳው ግን የቀረበት ማዳበሪያ ነው። እበቱ በማሳ ቢቀር ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብስባሽ ይሰጥ ነበር። ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ ብስባሽ ሊሆን የሚችለውም ይጠፋል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዛኙ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ። አመዱ ግን የሚደፋው በከተማ እንጂ እበቱ በተነሣበት ማሳ አይደለም። ገበሬው የጎደለውን ለመሙላት በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ማዳበሪያ ይገዛል። ይህ ልውውጥ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ለመገመት በ2014 ዓ.ም. የታየውን የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ንረት ማስታወስ ይበቃል። እንጀራ ጋጋሪዋም ብትሆን ጤፉን የምትገዛው ከዚያው ገበሬ ነው። ዛሬ በማገዶ ዋጋ ያተረፈችውን ነገ በእህል ዋጋ ትከፍለዋለች።

ብስባሽ ያጣ አፈር ውኃም አይቋጥርም። የክረምቱ ዝናብ አፈሩን አጥቦ ይወርዳል፤ ወደ ውስጥ ሰርጎ በበጋ ምንጭ ሊሆን የሚገባው ይቀንሳል። ለቡሆ፣ ለጠላና ለዕቃ እጥበት የሚፈለገው ደግሞ ያው ውኃ ነው። አረቄ ትስስሩን ሁሉ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ይሰበስባል፦ እህል፣ ጌሾ፣ ለረጅም ሰዓት የሚነድ ማገዶ፣ እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዝ ውኃ። ገቢው ብዙ ጊዜ የሴቶች መተዳደሪያ ስለሆነ በእገዳ ይፈታ ማለት ግን ችግሩን ወደ ሌላ ጓዳ ማዛወር ነው።

ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጣል ተብሎ ይወቀሳል። ምንጭ አጠገብ ለተተከለው ወቀሳው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ የቀድሞው የደንቆሮ ጫካ፣ የዛሬው የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ፣ ይገኛል፤ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ በፓርኩ አስታ ላይ የሚያርፈው መጥረቢያ በበዛ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ይነቀል ወይስ አይነቀል ሳይሆን የት ይተከል የሚለው ነው።

መፍትሔ ተብለው ከሚቀርቡት አንዱ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጢሱንም ያስቀራል፤ ሆኖም ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚፈልግና መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ስለሚቆም፣ በጋገራ የሚተዳደር ሰው የማገዶውን ምድጃ ጨርሶ አይጥልም። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ከዚህ መሬት የተለየ አይደለም። የዚህ ደጋ ወንዞች የሚገብሩት ለዓባይ ነው፤ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም በዚያው ወንዝ ላይ ነው። ከተራቆተው ማሳ የታጠበው አፈር ከፊሉ ወደዚያ በደለልነት ይጓዛል።

መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያለባት ከተማ በመሆኗ የእንጀራ ፍላጎቷ በቋሚ ነዋሪዎቿ ቁጥር ብቻ አይገመትም። ስለሆነም ቀዳሚው የጥናት ሥራ በየተቋሙ በሳምንት የሚነደውን ኩበትና እንጨት መመዘን፣ ምንጩንም መከታተል ነው። ሁለተኛው ከዚያ ይቀላል፦ ኩበት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አህያ አመድ ጭኖ መመለስ ይችላል። አመድ የአሲዳማ አፈርን ጠባይ እንደ ኖራ ያሻሽላል፤ አሲዳማ ባልሆነው ላይ ሲበዛ ግን ይጎዳል። በመሆኑም ከጭነቱ በፊት የተቀባዩ ማሳ አፈር መመርመር ይኖርበታል።