በአንዲት ጭረት

የእንግሊዞችን የስም መዝገበ ቃላት ገልጦ «ኢሞጅን» የሚለውን የሴት ስም የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው አጭር ማብራሪያ ነው፦ ሼክስፒር የጻፈው «ኢኖጅን» ብሎ ነበር፤ ማተሚያ ቤት አሳሳተው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ወሬው ጣፋጭ ነው፤ ለቡና ላይ ጨዋታም ይመቻል። ግን ስሕተቱን ማን አየው? የደራሲው የእጅ ጽሑፍ ጠፍቷል። ስሕተቱ ተፈጸመበት ከሚባለው መጽሐፍ ቀድሞ የታተመ ሌላ ቅጂም የለም። ታዲያ ዋናው በሌለበት፣ ቅጂው ተሳስቷል ብሎ የሚፈርድ ሰው ምስክሮቹን ከየት አመጣ?

ኢሞጅን ለአንባቢ የቀረበችው በ1623 ነው (እዚህ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሼክስፒር ከሞተ 7 ዓመት ሆኖታል። ሁለት የቴአትር ባልደረቦቹ፣ ጆን ሄሚንግስና ሄንሪ ኮንዴል፣ 36 ተውኔቶቹን በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስበው አሳተሙ። የመጨረሻው «ሲምበሊን» ነው። ያ መጽሐፍ ባይታተም ኖሮ ተውኔቱም አይተርፍልንም ነበር።

በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም «ኦቴሎ»ን ያነበበ ሰው ታሪኩ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። የብሪታንያው ንጉሥ የሲምበሊን ልጅ ኢሞጅን፣ አባቷ ሳይፈቅድ፣ ፖስቱመስ ሌዮናተስ የሚባል ሀብት የሌለው ጎበዝ ታገባለች። ባሏ ተሰዶ ሮም ይገባል፤ እዚያም ያኪሞ ከሚባል ጣሊያናዊ ጋር በሚስቱ ታማኝነት ይወራረዳል። ያኪሞ በሣጥን ተደብቆ መኝታ ቤቷ ይገባል። ሌሊት ወጥቶ የክፍሉን ዕቃ አንድ በአንድ ይመዘግባል፤ ደረቷ ላይ ማርያም የሳመቻትን ምልክት ያያል፤ አምባሯንም ከእጇ ያወልቃል። በ«ኦቴሎ» የዴዝዴሞና መሐረብ የሠራውን ሥራ እዚህ አምባሩ ይሠራዋል። ባልየው አምኖ «ግደላት» ብሎ አሽከሩን ያዛል፤ አሽከሩ ግን አልጨክን ብሎ የወንድ ልብስ አልብሶ ይሸኛታል። ኢሞጅን በዌልስ ተራሮች ስትንከራተት ስሟን ሳይቀር ትጥላለች፤ ማን ነህ ሲሏት «ፊዴሌ» ትላለች፣ «ታማኙ» እንደ ማለት። እንግዲህ ሊቃውንት ስለ ስሟ ከመጨቃጨቃቸው በፊት እሷ ራሷ መድረክ ላይ ስሟን አጥታ ዞራለች። ከዴዝዴሞና የምትለየው በሕይወት በመትረፏ ነው።

ስለ ስሟ የሚመሰክረው ዋናው ሰው የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ሳይመን ፎርማን ለንደን ውስጥ ኮከብ እየቆጠረ፣ መድኃኒት እየቀመመ የሚኖር፣ በዚህም ምክንያት ከከተማዋ ሐኪሞች ማኅበር ጋር ተጣልቶ የታሰረ ሰው ነው። በሕይወቱ ማብቂያ ገደማ ቴአትር እያየ፣ ለኑሮ የሚጠቅም ትምህርት ይወጣው እንደሆነ ብሎ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። «የክረምት ተረት» የሚባለውን ተውኔት በግንቦት 1611 ግሎብ ቴአትር ማየቱን ቀኑን ጠቅሶ ጽፏል። «ሲምበሊን»ን ያየበትን ቀን አልጻፈም፤ ግን በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሞቷልና ከዚያ አያልፍም። (የሚሞትበትን ቀን አስቀድሞ ለሚስቱ ተናግሯል የሚል ወሬም አለ። ለኮከብ ቆጣሪ እንዲህ ያለ ወሬ አይጠፋም።)

ፎርማን ሣጥኑን ይተርካል፣ አምባሩን ይተርካል፣ የዌልሱን ዋሻ ይተርካል። የንጉሡን ልጅ ሲጠራ ግን «ኢኖጅን» ነው የሚላት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው አላነበበም፤ ሰምቶ ነው። በእጁ የተሳሳተም ሆነ የታረመ መጽሐፍ አልነበረውም። የጻፈው ተዋንያኑ ሼክስፒር በሕይወት ሳለ፣ በራሱ ቴአትር ቤት፣ ከአፋቸው ያወጡትን ነው። ከመጽሐፉም 12 ዓመት ይቀድማል።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ችግሩ፣ ማስታወሻውን በ1836 ለአንባቢ ያቀረበው ጆን ፔይን ኮሊየር መሆኑ ነው። ኮሊየር ስለ ሼክስፒር ዘመን ብዙ የሚያውቅ ሊቅ ነበር፤ የዚያኑ ያህል የለየለት ፈብራኪ ነበር። የድሮ እጅ አስመስሎ በአሮጌ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የጻፋቸው እርማቶች ሲጋለጡ ስሙ ጠፋ፤ እጁ የነካው ሁሉ ተጠረጠረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመንም የፎርማን ማስታወሻ የኮሊየር ፈጠራ ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ጉዳዩን የቋጩት ሊቃውንቱ ዶቨር ዊልሰንና ሪቻርድ ሃንት ናቸው። በ1947 ባወጡት ጽሑፍ፣ ኦክስፎርድ በሚገኘው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ያለው ወረቀት የፎርማን እጅ መሆኑን፣ የስብስቡን ካታሎግ ያዘጋጀው ሰውም ከኮሊየር ቀድሞ አይቶት እንደነበር አስረዱ። ምስክሩ ነጻ ወጣ።

ቢሆንም ፎርማን ጆሮው ሊሳሳት ይችላል። ደግነቱ ሼክስፒር ራሱ «ኢኖጅን» የሚለውን ስም ቀደም ብሎ ያውቀው ነበር። «በከንቱ ግርግር» ልንለው የምንችለው አስቂኝ ተውኔቱ በ1600 ሲታተም፣ ገና ከመክፈቻው ወደ መድረክ ከሚገቡት ሰዎች መካከል የሌዮናቶ ሚስት ኢኖጅን ተቆጥራለች። ትገባለች እንጂ አንዲት ቃል አትናገርም። ልጇ በሠርጓ ቀን ስትዋረድ እንኳ እናት ዝም! በ1733 አዘጋጁ ሉዊስ ቲዮባልድ «የማትናገር ሴት ምን ትሠራለች» በሚል ስሜት ከተውኔቱ አስወጣት። ደራሲው አስቦ የተዋት ገጸ ባሕርይ ሳትሆን አትቀርም። ለእኛ ጉዳይ ግን ይህች ድምፅ አልባ እናት ከብዙ ተናጋሪ ትበልጣለች፦ እዚያ ሌዮናቶና ኢኖጅን ባልና ሚስት ናቸው፤ በ«ሲምበሊን»ም የኢሞጅን ባል ሌዮናተስ ነው። ሁለቱ ስሞች በደራሲው ልብ ተጣምረው የኖሩ ይመስላሉ።

ስሙንስ ከየት አገኘው? ለብሪታንያ ታሪክ ይገለብጠው ከነበረው ከሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ነው። እዚያ ኢኖጅን የብሩተስ ሚስት ናት፤ ብሩተስ ማለት በአፈ ታሪኩ ብሪታንያን የመሠረተው የትሮይ ዘር ነው። ከሆሊንሼድ ጀርባ ደግሞ በ1136 ገደማ በላቲን የጻፈው የሞንመዙ ጄፍሪ አለ። በጄፍሪ ትረካ ልጅቷ የግሪክ ንጉሥ የፓንድራሰስ ልጅ ናት፤ ብሩተስ አባቷን አሸንፎ ያገባታል። መርከቡ ከወደቡ ሲርቅ አገሯ ከዓይኗ እስኪጠፋ እያለቀሰች ባሏ ክንድ ላይ ራሷን ትስታለች። ጄፍሪ ለፈጠራ ወደ ኋላ የማይል ሰው ነው፤ ያችን ልቅሶ ስላስገባ ግን አመሰግነዋለሁ።

ግሪካዊት ተብላ የተተረከች ይህች ልጅ ስሟ የግሪክ አይመስልም። ብዙዎች የሚያስጠጉት ከአይርላንድና ከስኮትላንድ ጌሊክ ሲሆን፣ እዚያ «ኢንየን» ወደሚል ድምፅ የሚጠጋው ጥንታዊ ቃል ሴት ልጅ ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለበትም። «የዋህ»፣ «በደል የሌለባት» ከሚለው የላቲን ቃል ጋር የሚያገናኙትም አሉ፤ ለተውኔቱ ሴራ በጣም ስለሚስማማ ሼክስፒር ይህን በድምፁ ውስጥ ሳይሰማው አልቀረም እላለሁ። ስም ሲወጣ ትርጉሙ ለሁሉም ግልጽ በሆነበት አገር ላደግን ሰዎች፣ ወላጅ መዝገበ ቃላት ገልጦ የልጁን ስም ፍች መፈለጉ ሁልጊዜ ትንሽ ይገርመናል።

ከዚያ ሁሉ በኋላ አጥፊው ማነው? በሼክስፒር ዘመን የእንግሊዝ የእጅ ጽሑፍ ላይ «ኤን» ሁለት አጫጭር ቁም ጭረት ነው፤ «ኤም» ሦስት። «ኢኖጅን» የሚጻፍባቸው ሁለት «ኤን» ሲደረደሩ አራት ይሆናሉ። ላባ ብዕር ቸኩሎ ሲያያይዛቸው አንዲት ጭረት ብትጎድል ወይም ከጎረቤቷ ብትጣበቅ «ኢኖጅን» «ኢሞጅን» ሆና ትነበባለች። የብራና መጻሕፍትን እያስተያዩ የኖሩ የእኛ ሊቃውንት ይህን የጸሐፊ ግድፈት ብለው ያልፉታል።

እዚህ ላይ ግን የተቃዋሚዎቹ ክርክር ቀላል አይደለም። የ1623ቱ «ሲምበሊን» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ኢሞጅን» እንዳለ ነው፤ አንድ ቦታ እንኳ አይስትም። ፊደል ለቃሚ አንዴ ይሳሳታል፤ ሁሌ አንድ ዓይነት ስሕተት ይሳሳታል? ደራሲው ራሱ ከ1611 በኋላ ሐሳቡን ለውጦ፣ «ምስል» የሚለውን የላቲን ቃል እንዲያስታውስ ስሙን አስተካክሎት ቢሆንስ? ለዚህ የሚሰጠው መልስ፣ ማተሚያ ቤቱ የደረሰው ጽሑፍ በባለሙያ ጸሐፊ እንደ ገና የተገለበጠ መሆን አለበት የሚል ነው። ጸሐፊው ገና ሲጀምር «ኢሞጅን» ብሎ አንብቦ ከወሰነ፣ ሥርዓታም ጸሐፊ ነውና እስከ መጨረሻው በዚያው ይዘልቃል። እኔን ቢጠይቁኝ ሚዛኑ ወደ «ኢኖጅን» ያደላል፤ መዝገበ ቃላቱ እንደሚያወሩት በርግጠኝነት ግን አልምልም።

ስሙ ከመድረክ ወርዶ ወደ ሰው ቤት እስኪገባ ረጅም ጊዜ ወስዷል። ዊልያም ጎድዊን በ1784 «ኢሞጅን» የሚል ልብ ወለድ ጻፈ፤ በ1796 ማቲው ሉዊስ ስለ ቃል አፍራሿ «ኢሞጂን» የጻፈው አስፈሪ ባላድ በየቤቱ ተነበበ። የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ሰዎች ደግሞ የሼክስፒርን ጀግና የፍጹም ሚስት አብነት አድርገው ወደዷት። ባለቅኔው ቴኒሰን በ1892 ሞት አልጋው ላይ ሳለ ያስመጣው መጽሐፍ ሼክስፒር ነበር፤ «ሲምበሊን»ም አብሮት ተቀበረ። በ1883 ኦሬጎን ውስጥ የተወለደችው ታላቋ ፎቶግራፍ አንሺ ኢሞጅን ከኒንግሃም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ተውኔት ነው። በ1907 የሙዚቃ ደራሲው ጉስታቭ ሆልስት ልጁን ኢሞጅን አላት፤ እሷም በተራዋ የሙዚቃ ደራሲ ሆነች። አሜሪካኖች መጨረሻው ላይ አንዲት «ኢ» ጨምረው «ኢሞጂን» የሚመስል የራሳቸውን ቅርጽ አወጡ። የኮሜዲ ተዋናይቷ ኢሞጂን ኮካ የዚያ ዘመን ልጅ ናት፤ ኋላ ላይ እዚያ እንደ አሮጊቶች ስም ይቆጠር ጀመር። በእንግሊዝና በዌልስ ግን ብርቅ የነበረው ስም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ተነሥቶ በብዛት ከሚወጡት 100 የሴት ስሞች ተርታ ገባ።

ልክ በዚያ ጊዜ ሊቃውንቱ ስሙን ሊነጥቁ ተነሡ። ስታንሊ ዌልስና ጋሪ ቴይለር በ1986 ያዘጋጁት የኦክስፎርድ ሼክስፒር «ኢሞጅን»ን ሰርዞ «ኢኖጅን» አለ፤ በ2017 የወጣው የአርደን እትምም ተከተለው። ቴአትር ቤቶቹ ግን አልተስማሙም። ሼክስፒር የሞተበት 400ኛ ዓመት በታሰበበት በ2016 የሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ «ሲምበሊን»ን ሲያሳይ ልጅቷን «ኢኖጅን» ብሎ ጠራት። በዚያው ዓመት ለንደን የሚገኘው ግሎብ ተውኔቱን ለወጣት ተመልካች አዘምኖ ሲያቀርብ የአባትየውን ስም ከርዕሱ አንሥቶ የልጅቷን ተካበት፤ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው «ኢሞጅን» ነበር።