«እጮኛዬ በሰጠኝ ፍላሽ ከሥራ ታገድኩ!»

ለመሆኑ ኤክሴል ስትከፍቱ ከላይ ብቅ የምትለውን ቢጫ መስመር አንብባችኋት ታውቃላችሁ? አታነቧትም! «ኢኔብል ኮንተንት» ስትል እሺ ብላችሁ ታልፋላችሁ።

ከወደ አቶቴ አንዲት እህት ሰሞኑን ደውላልኛለች፤ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። እጮኛዋ ደሞዝ ከነግብሩ የሚያሰላ ኤክሴል በፍላሽ ሰጣት። ከፈተችው፣ ቢጫዋን ፈቀደች፣ የቢሮው ፋይል ተበላሸ። አለቃዋ «ሆን ብለሽ ነው» ብሎ አገዳት። «ልጁ ተንኮለኛ ይሆን? ቀለበቱን ልመልስ?» አለችኝ። በስመአብ!

ኤክሴል የቁጥር መደርደሪያ ብቻ ይመስለናል። በሆዱ ግን ማክሮ የሚባል ትእዛዝ ይይዛል። ማክሮ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ቼክ ላይ የሚሞላውን ብር በፊደል የሚያስጽፉበት አሉ። ችግሩ «ፋይል አጥፋ፣ ሌላ ፕሮግራም አምጣ» ቢሉትም እሺ ባይ መሆኑ ነው። ላሩ የተባለው የኤክሴል ማክሮ ቫይረስ በሐምሌ 1988 ዓ.ም. ሲገኝ ከመባዛት ሌላ ሥራ አልነበረውም። ተከታዮቹ ግን…

ወደ ልጁ እንምጣ። በመጋቢት 1991 ዓ.ም. የተነሳው ሜሊሳ በወርድ ፋይል ገብቶ፣ በኮምፒዩተሩ ባለቤት ስም ለ50 አድራሻ ራሱን በኢሜይል ይልክ ነበር። ተቀባዩ «የማውቀው ሰው ነው» ብሎ ይከፍታል፤ ላኪ የተባለው ምስኪን ግን መላኩንም አያውቅም! የእኛም ሰው ቀምሷታል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ውጭ አገር ላሉ የኢሳት ሠራተኞች ሰላይ ፕሮግራም ሰነድ መስሎ የተላከላቸው ከሚያውቁት ሰው የስካይፕ አካውንት ነው። (ማክሮ እንኳ አልነበረም፤ ማታለያው ግን ያው ነው።)

ስለዚህ እህቴ፣ ልጁም ሳያውቅ ተሸክሞት ሊሆን ይችላል። ከማን እንደገለበጠው ሳትጠይቂ ቀለበት አታውልቂ። ፍላሹንም እንዳታጠፊው! እንዳለ ለባለሙያ አሳዪው፤ አለቃሽ ፊት የሚመሰክርልሽ እሱ ነው።

ለሌሎቻችሁ፦ ማይክሮሶፍት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይልን ማክሮ ይዘጋል። የሚለየው ግን ሲወርድ በሚለጠፍበት ምልክት ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቢሮ በባጃጅ የምናመላልሰው ፍላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክቱን አይዝም፤ ያኔ የሚቀረን ያቺው ቢጫ መስመር ናት። አሮጌ ኦፊስ የጫነማ መዝጊያውም ላይኖረው ይችላል። የፋይሉን ስም መጨረሻ እዩ፤ «ኤክስኤልኤስኤክስ» ከሆነ ማክሮ አይዝም። «ኤክስኤልኤስኤም» ወይም የድሮው «ኤክስኤልኤስ» ከሆነ ግን ቢጫዋን ከመንካታችሁ በፊት ለሰጣችሁ ሰው ደውሉና «ማክሮው ምን ይሠራል?» በሉት። መልስ ከሌለው አትፍቀዱ።