ትራክተር በማሳ መካከል እንዳይቆም የነዳጅ ፓምፑን እንጠብቅ

በሰኔ ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ሲርስ የአንድ ቀን ሥራ የሳምንት ያህል ዋጋ አለው። በዚህ ወቅት የማኅበሩ ትራክተር ማሳ መካከል ደርሶ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተንተፋተፈ በኋላ ጸጥ ቢል፣ ተራቸውን የሚጠብቁ አባሎች የዘር ጊዜ ያልፍባቸዋል። ባለሙያ ከከተማ ተጠርቶ እስኪመጣም ቀናት ይነጉዳሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ሞተሩን ያቆመው ትልቅ ብልሽት ሳይሆን፣ ነዳጁ ውስጥ የገባ ቆሻሻ፣ ውኃ ወይም አየር ነው።

ገበሬው ሞፈሩ ቢሰበር ሌላ ጠርቦ፣ ማረሻው ቢዶለዱም አስስሎ ሥራውን ይቀጥላል። ትራክተሩንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። ለዚህም የማኅበር መሪዎች የትኛው ሥራ በማኅበሩ ሾፌር እጅ እንደሚፈጸም፣ የትኛው ለባለሙያ እንደሚተው ለይተው ሊያውቁ ያስፈልጋል።

ፓምፑ ምን ይሠራል?

በናፍታ በሚሠራ በተለመደው ዓይነት ትራክተር ላይ ሁለት ፓምፖች አሉ። አንደኛው ነዳጁን ከታንኩ ስቦ ፊልትሮ ወደሚባለው ማጣሪያ የሚልከው የማቅረቢያ ፓምፕ ነው። ሁለተኛው የተጣራውን ነዳጅ መጥኖ በከፍተኛ ግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው የመርጫ ፓምፕ ነው።

የማቅረቢያው ፓምፕ በሞተሩ ጎን የታሰረ ሲሆን፣ በውስጡ ዲያፍራም የሚባል ስስ ሽፋን አለው። ሞተሩ ሲዞር ካምሻፍቱ የፓምፑን ክንድ ይገፋል። ሽፋኑ ሲሳብ ነዳጅ ይገባል፤ ሞላው ሲመልሰው ነዳጁ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል። ሁለት ትናንሽ ቫልቮች ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዱታል። ይህን ፓምፕ የሠለጠነ ሾፌር ሊፈትሸውና ሊለውጠው ይችላል። የመርጫው ፓምፕ ክፍሎች ግን እጅግ ተጠባብቀው የተሠሩ ስለሆኑ ማሳ ላይ ፈጽሞ መከፈት የለባቸውም።

ጥንቃቄ ከበርሜሉ ይጀምራል

ውኃ ከናፍታ ስለሚከብድ በርሜሉ ሥር ይዘቅጣል። በመሆኑም በርሜሉ ከተራገፈ በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ሳይነቃነቅ ሊቆይ፣ የመሳቢያው ቱቦም እስከ ወለሉ ሳይደርስ ጥቂት ጣቶች ከፍ ብሎ ሊቀር ይገባል። ዚንክ የተቀባ በርሜል ከናፍታ ጋር ስለማይስማማ አይመረጥም። ነዳጁ ክሩ በሚነቀል ጨርቅ ሳይሆን በጥሩ የሽቦ ወንፊት ይጣራ።

ታንኩን ማታ ከሥራ መልስ መሙላት ይመረጣል። ባዶውን ካደረ በውስጡ ያለው አየር በሌሊቱ ቅዝቃዜ ጤዛ ይፈጥራልና። ጠዋት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ከማጣሪያው ሥር ያለውን ማስወጫ ላላ አድርጎ የተጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ፣ ማጣሪያውንም በአምራቹ መመሪያ በተወሰነው የሥራ ሰዓት መለወጥ ያስፈልጋል።

ሞተሩ ቢቆም

አስቀድሞ ፓምፑን መፍታት ስሕተት ነው። ፍተሻው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂድ።

1. ታንኩ ነዳጅ እንዳለውና መክፈቻው ክፍት መሆኑ ይታይ።

2. የታንኩ ክዳን ይከፈት። አየር ፉጭ እያለ ከገባ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ይጸዳ።

3. ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው ቱቦ ይፈተሽ። ይህ ቱቦ ቢላላ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ሞተሩ ሲሠራ ነዳጅ ላያንጠባጥብ ይችላል። ስለዚህ ደረቅ ሆኖ ስለታየ ደህና ነው አይባልም፤ ማሰሪያው ሁሉ ይጥበቅ።

4. የፓምፑ ወንፊት ይታጠብ፤ ማጣሪያውም ይታይ።

5. ከፓምፑ የሚወጣው ቱቦ ተፈትቶ፣ ሥሩ ዕቃ ተደርጎ፣ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዙር። ጤነኛ ፓምፕ በየሁለት የሞተር ዙር አንድ ጊዜ ነዳጁን በኃይል ይተፋል። እስከ ፓምፑ ያለው መንገድ ንጹሕ ሆኖ ካልተፋ ወይም በዝግታ ካፈሰሰ ጉድለቱ የፓምፑ ነው። በዚህ ሥራ ጊዜ ሲጋራና እሳት አይቅረቡ።

ከፍተሻው በኋላ የገባው አየር መውጣት አለበት። በማጣሪያው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ከፍቶ፣ አረፋ የሌለው ነዳጅ እስኪወጣ ድረስ የፓምፑን የእጅ መግፊያ ደጋግሞ መጫን፣ ከዚያም ብሎኑን ማጥበቅ ነው። በመርጫው ፓምፕ ላይ ላለው ብሎንም እንዲሁ ይደረጋል። መግፊያው እጅ ላይ ሳይከብድ ከቀረ ካምሻፍቱ ክንዱን ገፍቶ ይዞት ሊሆን ስለሚችል፣ ሞተሩን አንድ ዙር አዙሮ እንደገና መሞከር ይበጃል።

ከሁሉ የሚከፋው ምልክት

የዲያፍራሙ ሽፋን ቢቀደድ ናፍታው ወደ ሞተሩ ዘይት ሊወርድ ይችላል። በመለኪያው ዘንግ ላይ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖና ናፍታ ናፍታ ሸትቶ ከተገኘ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጥፋ። የቀጠነ ዘይት የሞተሩን ብረቶች ከመፋፋቅ አያድንም። ርካሹን ፓምፕና ዘይቱን ባለመለወጥ የሞተሩን ሙሉ እድሳት ዋጋ መክፈል ይመጣል።

በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙ አዳዲስ የናፍታ ሞተሮች ባሏቸው መኪናዎችና ትራክተሮች ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። በመርጫ ቱቦዎቻቸው ውስጥ ያለው ግፊት ቆዳ በስቶ የሚገባ ስለሆነ፣ ሞተሩ እየሠራ ቱቦ መፍታትም ሆነ የሚያፈስበትን ቦታ በእጅ መዳበስ ለሕይወት ያሰጋል።

የመሪዎች ድርሻ

ትራክተሩ ያገኘው ሁሉ የሚነዳው መሆን የለበትም። አንድ ተጠያቂ ሾፌር ይመደብለት። የሥራ ሰዓቱ፣ ማጣሪያው የተለወጠበት ቀንና በየጠዋቱ የታየው የዘይት መጠን በደብተር ይመዝገብ። አንድ ትርፍ ማጣሪያ፣ አንድ ትርፍ የማቅረቢያ ፓምፕና ጓርኒሲዮኑ ከበጋ ጀምሮ በማኅበሩ መጋዘን ይቀመጡ። ይኸው ጥንቃቄ ለመስኖ ውኃ መሳቢያና ለናፍታ ወፍጮ ሞተርም ይጠቅማል።

ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በግንቦት አንድ ጠዋት ለፍተሻ የዋለ ትራክተር በሰኔ የአባሎችን ተራ አያስተጓጉልም።