ጥርስ በከንቱ የሚታማበት ተቅማጥ

የሕፃናት ተቅማጥ ሲነሳ አሜባና ታይፎይድ ይጠራሉ እንጂ ካምፒሎባክተርን ማንም አያነሳውም። ለእኔ ግን ከሁሉም ብልጡ እሱ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ኤሸሪክ በ1886 እ.ኤ.አ. በተቅማጥ በሞቱ ሕፃናት አንጀት ውስጥ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘውን ይህን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ አየው፤ ማራባት ግን አልቻለም። ለእሱ የምንተነፍሰው አየር ኦክስጅን ይበዛበታል፤ የሚመቸው ሙቀት 42 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዶሮ ገላም ሙቀቱ እዚያው ግድም ነው። ዶሮዋን ሳያሳምማት አንጀቷ ውስጥ ይኖራል፤ ሰውን ለማሳመም ጥቂት መቶው ይበቃል።

ባሌ ሮቤ ውስጥ አንድ ቤት ገብቼ ዶሮዎቹ ከአልጋው ሥር ሲያድሩ አይቻለሁ። ሕፃኑ በዚያው ወለል እየዳኸ የወደቀ የገብስ ቂጣ አንስቶ ጎረሰ። አስቀምጦታል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እናቱ «ግግ ነው እኮ፣ ጥርስ ሊያወጣ ነው» አለችኝ።

ጥርስን የማያማ ቤት የለም። ጥርስ የሚበቅለው ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ነው፤ ያኔ ልጁ ምግብ ይጀምራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። የዶሮ ኩስ የነካው እጅ ከአፍ ከገባ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ቁርጠት፣ አንዳንዴም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይመጣል። ድዱ ያበጠው በአጋጣሚ በዚያው ሰሞን ነው። ግግ አስወጪዎች ሆይ፣ በምላጭ ድድ መቅደድ ተቅማጡን አያቆምም፤ ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ።

«የባሌ ብርድ ተውሳክ ይገድላል» የሚሉም አሉ። ይህ ባክቴሪያ ከ30 ዲግሪ በታች አይራባም፤ እርጥበት ካገኘ ግን ከሙቀት ይልቅ በብርድ ብዙ ይቆያል። እሳት ግን አይችልም፦ ጎባ ላይ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ቢሆንም እሱን ለመጨረስ ይተርፋል። ወተት ይፈላ፣ ዶሮ ይብሰል።

ሕክምናው ኦአርኤስ፣ ዚንክና ጡት ነው። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ በግምት መግዛት ይቅር፤ ደም ከታየ ግን ወደ ሐኪም ነው።

ዶሮዎቹን ከመኝታ አውጪ ብላት እናትየው «ሸለምጥማጡንስ ምን ላድርገው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጎረቤቷ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በሽቦ የታጠረ፣ በር ያለው ቆጥ ከግድግዳው ውጭ ሠርቷል። እሱን አሳየኋት።