ያልተጨረሰ መጽሐፍ፦ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ንባብን ስለ መካፈል

መጽሐፍ የሚወዱ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ከሚጠያየቋቸው ጥያቄዎች መካከል ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በጠባይ ግን ይለያያሉ። አንደኛው «ምን አነበብህ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «አሁን የያዝኸው መጽሐፍ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ተጠያቂው ስለ ጨረሰው ሥራ ሒሳብ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ሁለተኛው ግን መንገድ ላይ ያለን ሰው «የት ደረስህ?» ብሎ አብሮት ጥቂት እንደ መራመድ ነው። መልስ ሰጪው የታሪኩን መጨረሻ ስለማያውቅ እንደ ዐዋቂ ሊያስተምር አይችልም፤ የሚችለው መገመት፣ መጠራጠር፣ ያስደነቀውን መናገርና ያልገባውን መጠየቅ ነው።

በትምህርት ቤቶቻችን የታወቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ተማሪው የመጽሐፉን ርእስ፣ የደራሲውን ስም፣ የባለታሪኮቹን ማንነትና የታሪኩን ፍሬ ነገር ጽፎ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርማል። መጽሐፉን እስከ እኩሌታው ያነበበ ተማሪ በዚህ አሠራር ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሥራውን እንዳልሠራ ይቆጠራል። ሁለተኛው ጥያቄ በመምህራን ዕረፍት ክፍልና በሻይ ቤት ይሰማ እንደ ሆነ እንጂ ወደ ክፍል ገብቶ የማስተማሪያ ዘዴ የሆነበት ጊዜ ጥቂት ነው። መጽሐፍ በማይበዛበትና ብዙ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሚነገሩበት በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ያልተጨረሰን መጽሐፍ በጋራ መከታተል ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት፣ በተለይም በመጻሕፍት ቤት፣ መጽሐፍ ለብቻ ተይዞ የሚነበብ ነገር አልነበረም። መምህሩ በወንበራቸው ሆነው አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በልዩ ልዩ መንገድ ሲተረጕሙት ተማሪዎቹ የሰሙትን በየጎጇቸው ተሰብስበው ይከልሱታል። ሁለት ሦስት ትርጓሜዎች ጎን ለጎን መቆማቸውና አንዱ ሌላውን አለመሻሩ የዚህ ትምህርት ዐቢይ ጠባይ ነው።

ወደ ዘመናችን ይበልጥ የቀረበውና ለብዙ መምህራን የሚታወሰው ምሳሌ ግን የሬዲዮው ነው። በደርግ ዘመን (ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅቱ ልብ ወለድ መጻሕፍትን በተከታታይ ያስነብብ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ መተረኩ እስከ ዛሬ ድረስ የሚነሣ ነው። ለትምህርት ባለሙያው ቁም ነገሩ የተራኪው ድምፅ ማማር ብቻ አይደለም። ትረካው በተቋረጠ ቁጥር በመላ አገሪቱ የሚገኙ አድማጮች ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይቆማሉ። መጽሐፉን የገዛውም፣ ያልገዛውም፣ ፊደል ያልቈጠረውም እኩል አላዋቂ ሆኖ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ወዴት ያመሩ ይሆን ብሎ ለመከራከር የትምህርት ደረጃ አይጠየቅም ነበር። ሆኖም የሬዲዮው ንባብ አንድ ጉድለት ነበረው፤ አድማጩ ወደ ገጹ ተመልሶ «እስቲ ያችን ቦታ ደግመን እንያት» ሊል አይችልም። ይህን ጉድለት ሊሞላ የሚችለው በእጅ የተያዘ መጽሐፍ ብቻ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ከተማ ስትሆን ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ተብላለች። ዛሬ የቤንች ሸኮ ዞን መቀመጫ ናት። ቴፒ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ ትገኛለች። ሁለቱም ዞኖች በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናቸው። የበበቃና የቴፒ የቡና እርሻዎች በየጊዜው ከከምባታ፣ ከወላይታ፣ ከከፋና ከሌላም ቦታ ሠራተኛ ሲስቡ ኖረዋል፤ በ1977 ዓ.ም. የተካሄደው ሠፈራም ከሰሜን ብዙ ቤተሰቦችን ወደ ደቡብ ምዕራብ አምጥቷል። ስለዚህ በአንድ የቴፒ ክፍል ውስጥ ሸክኛ፣ ሸኮኛ፣ መዠንግርኛ፣ ከፍኛ፣ ቤንችኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በቤታቸው የሚናገሩ ልጆች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቢገኙ አያስገርምም።

ንባብ ወደ ገጠሩ በሰፊው የዘለቀው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው በመሠረተ ትምህርት ብሔራዊ ዘመቻ ነው። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ እስከ 15 ቋንቋዎች የደረሰ ሲሆን በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። ከ15ቱ ቋንቋዎች መካከል ከፋ-ሞቻ ይገኝበት ነበር፤ ቤንችኛ፣ ሸኮኛና መዠንግርኛ ግን አልነበሩበትም። እነዚህን ቋንቋዎች የሚናገሩ ጎልማሶች ፊደል የቈጠሩት በሌላ ቋንቋ ነው ማለት ነው። የተማሩትን እንዳይዘነጉ በየቦታው የንባብ ቤቶች ተቋቁመው ነበር፤ ነገር ግን የንባብ ቤት ያለ አዲስ መጽሐፍና ያለ ተነጋጋሪ አንባቢ ብዙ አይቆይም። አንዴ ተነቦ ያለቀ ቡክሌት በመደርደሪያ ላይ መቀመጡ ሰውን ከቤቱ አያስወጣውም፤ የሚያስወጣው ሌላው ሰው ምን እንዳነበበ የመስማት ጕጕት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ ሁኔታው ተለውጧል። ለውጡ ግን ሌላ ጥያቄ አስከትሏል። ከፍኛና ቤንችኛ በላቲን ፊደል ሲጻፉ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ እንግሊዝኛም ይጨመራል። በቤንችኛ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ ለደስታ የሚነበብ ጽሑፍ ጥቂት በመሆኑ ልጁ የሚዋሰው መጽሐፍ ዘወትር ማለት ይቻላል በአማርኛ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ያ ምዘና ከደቡብ ቋንቋዎች የተመለከተው ሲዳምኛን ነበር። ከዚያ በኋላ የተካሄደው የንባብ ማሻሻያ ፕሮግራምም በሰባት ቋንቋዎች መጻሕፍት ሲያዘጋጅ የቤንች ሸኮና የሸካ ቋንቋዎች ከሰባቱ ውስጥ አልነበሩም። የደቡብ ምዕራብ መምህር እንግዲህ የሌላውን አካባቢ ውጤትና መሣሪያ ተውሶ ይሠራል።

በክፍል ውስጥ

አሠራሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች በእጃቸው ያለውን መጽሐፍ ይዘው ይቀርባሉ። እያንዳንዱ የት ገጽ እንደ ደረሰ ይናገራል፤ እስከዚያ ድረስ የሆነውን ባጭሩ ያወሳል፤ ከዚያም አንድ አንቀጽ መርጦ ጮክ ብሎ ያነባል፤ በመጨረሻም ቀጥሎ ይሆናል ብሎ የሚገምተውን ይናገራል። ከነዚህ ሁሉ ሊቀር የማይገባው አንቀጹን ማንበቡ ነው። ታሪኩ በአፍ ብቻ ከተነገረ ሰሚው ተረት ሰምቶ ይሄዳል፤ መጽሐፉን መያዝ አያሻውም። አንቀጹ ሲነበብ ግን የደራሲው ቃል ራሱ በክፍሉ ውስጥ ይሰማል፤ የቀረውን ለማወቅ የሚፈልግም መጽሐፉን ይጠይቃል።

ታሪኩን ማውሳቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል። አንዳንድ መምህራን የአማርኛ ክፍለ ጊዜ በሌላ ቋንቋ እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ፤ ጥንቃቄው ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ጕዳቱ ያመዝናል። በአማርኛ ያነበበውን በቤንችኛ የሚያወሳ ልጅ የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ፍሬ ሳይረዳ ሊያልፍ አይችልም፤ ቃል በቃል የሸመደደ ልጅ ወዲያው ይታወቃል። ቤንችኛ ደግሞ ስድስት የድምፅ ቃና ያለው፣ በፉጨት እንኳ መልእክት የሚተላለፍበት ቋንቋ ነው። ልጆቹ ለድምፅ ከፍታና ዝቅታ ያላቸው የጆሮ ንቃት ጮክ ብሎ በማንበብ ጊዜ ሀብት እንጂ እንቅፋት አይሆንም።

ማርክ መስጠት ግን ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። ነጥብ የሚሰጥበት ከሆነ ተማሪው የወደደውን ትቶ መምህሩ ይወደዋል ያለውን መጽሐፍ ይዞ ይቀርባል። ከዚህም ሌላ ተማሪው «ጀምሬው ነበር፤ አሰልችቶኝ ተውኩት» ለማለት ነፃነት ያስፈልገዋል። የተተወ መጽሐፍ ለምን እንደ ተተወ ማስረዳት ከተጨረሰው መጽሐፍ ማጠቃለያ ይልቅ የማመዛዘን ችሎታን ይጠይቃል። መምህሩም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ወይም እርሱ ራሱ በሚያነበው መጽሐፍ ተራውን ይቀርባል፣ ወይም ልጆቹ ንባብ የልጅነት ግዴታ እንጂ የአዋቂ ሥራ አይደለም ብለው ይደመድማሉ።

አንድ መጽሐፍ በልዩ ቦታ ሲነበብ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» መመለስ ይጠቅማል። ታሪኩ የጎጃም ነው። በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚያምፁትም የጎጃም ባላገሮች ናቸው። የቤንችና የከፋ አገር ደግሞ የገባር ሥርዓት ቀንበር እጅግ ከከበደባቸው አካባቢዎች አንዱ እንደ ነበረ ታሪክ ያስረዳል፤ መሬት ለአራሹ በዐዋጅ የተመለሰው የካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የሚዛን ተማሪ ይህን ክፍል ሲያነብ፣ ያነበበውንም ለአያቱ ሲያወሳ፣ አያቱ የሚመልሱት ነገር ይኖራቸዋል፤ ጌታው ሌላ ቋንቋ በሚናገርበት አገር ገባርነት ምን ይመስል እንደ ነበር ከመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም። ልጁ ይህን ይዞ ወደ ክፍል ሲመለስ መጽሐፉ የጎጃም ብቻ መሆኑ ይቀራል። የሠፋሪ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል እንዲህ ያለው ወሬ የሰውን ልጅ በወገኑ ወደ መክሰስ እንዳያዘነብል መምህሩ ሊጠብቀው ይገባል፤ መጠበቂያውም ዝም ማሰኘት ሳይሆን «ይህ በየትኛው ገጽ ላይ ነው? ደራሲውስ ምን አለ?» እያሉ ወደ ጽሑፉ መመለስ ነው።

ሥራ የያዘ እጅና ያልሥራ ጆሮ

በኩባ በሲጋራ ፋብሪካዎች የተለመደ አንድ ሥራ አለ። ሠራተኞቹ ትምባሆ ሲጠቀልሉ አንድ አንባቢ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያነብላቸዋል። ልማዱ በሐቫና የተጀመረው በ1865 እ.ኤ.አ. ነው። በቀድሞው ጊዜ የአንባቢውን ደመወዝ የሚያዋጡት ሠራተኞቹ ራሳቸው ሲሆኑ የሚነበበውንም የሚመርጡት እነርሱ ነበሩ። ሞንቴ ክሪስቶ የተባለው የሲጋራ ስም ሠራተኞቹ ሲነበብላቸው ከወደዱት ከአሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ እንደ ተወሰደ ይነገራል።

ከቡና የተነቀፈውን ፍሬ የሚለቅሙ ሴቶች እጃቸው ይሠራል እንጂ ጆሯቸው ሥራ አልያዘም። በየቤቱ ቡና ሲፈላም እንዲሁ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ያለው ጊዜ አንድ ምዕራፍ ለማንበብና ለመነጋገር ይበቃል፤ ከቡና ቅጠል በቅመም የሚዘጋጀው የአካባቢው መጠጥ በሚቀርብበት ቤትም ጎረቤት መሰብሰቡ አይቀርም። ትምህርት ቤቱ መጽሐፉን ለልጁ አውሶ ማታ በቡናው ዙሪያ እንዲያነብ ቢያደርግ፣ ልጁም ያነበበውን ለእናቱ በቋንቋዋ ቢያስረዳ፣ ያ ቤት በዘመቻው ጊዜ የታሰበውን የንባብ ቤት ሥራ ይሠራል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀሩ ጥቂት ነገሮች አሉ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ቡናው መቅላት ይጀምራል፤ በጥቅምትና በኅዳር ለቀማው ሲጠነክር የተማሪው ቁጥር ይሳሳል። ስለዚህ የንባብ ክፍለ ጊዜው በነዚህ ወራት እንዲጠናከር ከማቀድ ይልቅ መጻሕፍቱ ወደ ቤት እንዲወጡ ፈቅዶ መነጋገሩን ለጥርና ለየካቲት ማቆየት ይሻላል። የዝናቡ መጠን በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር በሚጠጋበት አገር ከግድግዳና ከመሬት የራቀ፣ ነፋስ የሚያገኝ መደርደሪያ ከሌለ ሻጋታና ምስጥ መጽሐፉን ይቀድማሉ፤ በሰው እጅ የሚዘዋወር መጽሐፍ ከተቈለፈበት ይልቅ የመትረፍ ዕድል አለው።

የግዢው ነገርም ሊታሰብበት ይገባል። የቤተ መጻሕፍት ሪፖርት ዘወትር የሚቈጥረው የርእስ ብዛት ነው። ለመነጋገር ግን ከመቶ ርእስ አንድ አንድ ቅጂ፣ ከሃያ ርእስ አምስት አምስት ቅጂ ይበልጣል፤ አምስት ልጆች በአንድ መጽሐፍ ልዩ ልዩ ገጽ ላይ ሲገኙ የቀደመው እንዳይናገር፣ የዘገየው እንዲፈጥን የሚያደርግ ግፊት በራሱ ይመጣል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሚዛንና በቴፒ ያስተማረው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ በየጊዜው ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ አሁን የያዙትን መጽሐፍ እንዲናገሩ ቢያደርግ ከትራንስፖርት በቀር ወጪ የለበትም።

አፈጻጸሙን ለመከታተል መጠይቅ መበተን አያስፈልግም። በየመጽሐፉ የውስጥ ሽፋን ላይ አንዲት ወረቀት ትለጠፋለች፤ የወሰደው ልጅ ስሙን፣ የወሰደበትን ቀንና ሲመልስ የደረሰበትን ገጽ ይጽፍባታል። ገጹ መጨረሻው ባይሆንም ይጻፋል። የወረዳው ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ከመደርደሪያው አሥር መጽሐፍ አንሥቶ ወረቀቶቹን ቢያይ የትኛው መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እንደ ሄደ፣ የትኛውም በ12ኛው ገጽ ላይ ሁሉንም እንደ ጣላቸው ያውቃል። ወረቀቷ ስትሞላ በላይዋ ሌላ ይለጠፋል።