የሣር ክዳን፣ የቆርቆሮ ክዳን፦ የወላይታ ቤት እንዴት ይሞቃል፣ እንዴት ይቀዘቅዛል?

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ በሁምቦ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርድ መንገደኛ ገና ቁልቁለቱን ሳይጨርስ ሹራቡን ያወልቃል። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፤ አባያ ደግሞ ከ1,200 ሜትር በታች ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀዘቅዝ፣ በአንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ ቀትር፣ የአምስት ዲግሪ ልዩነት ያላቸው ሁለት ቤቶች ማግኘት ቀላል ነው። በሐምሌ ብርድ የዳሞታ ጥግ ቤተሰብ እሳት ከቦ ያመሻል። በየካቲት ፀሐይ የቆላው ሰው ከቤቱ ወጥቶ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል።

ቤት ስለማሞቅና ስለማቀዝቀዝ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኤሲ ወይም ሶኬት ላይ የተሰካ ሂተር ነው። ስለእነርሱም እናወራለን። ወላይታ ውስጥ ግን ለብዙ ትውልድ ይህን ሥራ ሲሠራ የኖረው ቤቱ ራሱ ነው፦ ክብ ሆኖ የተሠራው፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ የቆመለት፣ በሣር የተከደነው፣ ጓሮው እንሰት የሆነው ቤት። ይህን ቤት እንደ ማሽን ቁጭ ብሎ ማጥናት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ በየቀበሌው እየፈረሰ በቆርቆሮ ሲተካ፣ ሣሩ ምን ይሠራልን እንደነበር የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

መሠረቱ አጭር ነው። ሙቀት ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ የሚሄድበትም መንገድ ሦስት ነው። አንዱ በንክኪ ነው፤ እሳት ላይ የተጣደ ብረት ምጣድ ጆሮው የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው በአየር ዝውውር ነው፤ የሞቀ አየር ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቦታውን ቀዝቃዛው ይይዛል። ሦስተኛው በጨረር ነው፤ ፀሐይ ከዚያ ሁሉ ርቀት ፊታችንን የምታሞቀው፣ ፍምም ሳንነካው የሚሞቀን በዚህ ነው። ቤት የሚያሞቅም ሆነ የሚያቀዘቅዝ ነገር ሁሉ ከእነዚህ መንገዶች አንዱን ይዘጋል ወይም ይከፍታል።

የሣር ክዳን ሦስቱንም ይዘጋል። የሣሩ አገዳ ውስጡ ክፍት ነው፤ በአገዳና በአገዳ መካከልም አየር ይታሰራል። የማይንቀሳቀስ አየር ደግሞ ሙቀትን በጣም አዝግሞ የሚያሳልፍ ነገር ነው። ውፍረታቸው እኩል የሆነ ሣርና ብረት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ብረቱ ሙቀትን በብዙ መቶ እጥፍ አብልጦ ያሳልፋል። ስለዚህ ስንዝርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ክዳን ለቤቱ እንደ ቡልኮ ነው፤ ራሱ ሙቀት አያመነጭም፣ ያለውን ግን አያስወጣም። ቡልኮ በቀትር የሚደርቡት ልብስ ባይሆንም፣ ክዳኑ ግን በቀትርም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የፀሐይዋን ሙቀት ከላይ ይዞ ያስቀረዋል። ጣራው ቀጥ ብሎ የሚሾለውም ለውበት ብቻ አይደለም። የሣር ክዳን ከ45 ዲግሪ ያላነሰ ተዳፋት ካላገኘ ዝናብ ይሰርግበታል፤ የራሰ ሣር ደግሞ የታሰረው አየር በውኃ ስለሚተካ ቅዝቃዜን አይከላከልም፣ ቶሎም ይበሰብሳል።

ማሞቂያው መሐል ላይ ነው፤ ሦስት ጉልቻ። በጉልቻ ላይ ከሚነድ እንጨት ድስቱ ውስጥ የሚገባው ሙቀት ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሚሠሩ ባለሙያዎች የቀረውን ብክነት ይሉታል፤ ማገዶ የምትሸከመው ሴት ጀርባ ሲታሰብም እውነታቸውን ነው። ሆኖም በሐምሌ ሌሊት ያ የቀረው ሙቀት የቤቱ ማሞቂያ ነው። ፍሙ በጨረር ዙሪያውን የተቀመጠውን ሰው ያሞቃል፤ የጭቃው ወለልና ምርጊቱም ሙቀቱን ጠጥተው ይይዙትና እሳቱ ከተዳፈነ በኋላ ቀስ እያሉ ይመልሱታል። ጭቃ ከባድ ነው፤ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም።

ሁለተኛው ማሞቂያ የሚያመሰኳ ነው። በቀድሞው አኗኗር ከብቶች የሚያድሩት ከቤቱ አንድ ወገን በተከለለ ጋጣ ነበር። ያረፈ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ከሰውነቱ ያወጣል፤ አንዲት የአገር ላም ደግሞ ከዚያ ሦስትና አራት እጥፍ ታወጣለች። ስድስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ከሁለት ላሞች ጋር በአንድ ጣራ ሥር ሲያድር፣ ሌሊቱን ሙሉ ከ1,000 ዋት በላይ የሚሰጥ ማሞቂያ ያለ እንጨትና ያለ ቆጣሪ ይሠራል ማለት ነው። ገበያ ላይ የሚሸጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሂተር አቅሙ ይኸው ነው። ፍግ ሲነጋ ወደ እንሰቱ ይሄዳል፤ እንሰቱም በሰፋፊ ቅጠሉ ጓሮውን ያጠላል፣ በቅጠሉ በኩል በሚያተነው ውኃም በዙሪያው ያለውን አየር ያቀዘቅዛል።

ጭሱም ሥራ ነበረው። የጭስ መውጫ የሌለው ቤት ውስጥ ጭስ በክዳኑ መሐል እየተጣራ ይወጣል፤ ሲወጣም ሣሩን ያደርቀዋል፣ ጥቀርሻ ይቀባዋል፣ ነፍሳትን ያርቃል። እሳት የማይነድበት የሣር ቤት ቶሎ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው። የዚህ ሁሉ ዋጋ የሚከፈለው ግን በሰው ሳንባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእሳት ዳር የማይለዩት እናቶችና በጀርባቸው ያሉት ሕፃናት ደግሞ ጭሱን አብዝተው የሚስቡት ናቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከብቶች ከመኖሪያ ቤት እንዲወጡ፣ ኩሽና እንዲለይ፣ መስኮት እንዲከፈት ሲያስተምር የኖረው በቂ ምክንያት ይዞ ነው። ዝንብ፣ የዓይን ማዝ፣ የመተንፈሻ ሕመም ቀላል ነገሮች አይደሉም። እኔ የማዝነው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ላሞቹና ጉልቻው ከቤት ሲወጡ ማሞቂያውም አብሮ ወጥቷል፣ በቦታው ምን እንደሚገባ ግን አልታሰበበትም።

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ሰው ቆርቆሮ የመረጠው በከንቱ አይደለም። ወላይታ ከአገሪቱ ሕዝብ በብዛት ከሰፈረባቸው ገጠሮች አንዱ ነው፤ የግጦሽ መሬት ሲታረስ የክዳን ሣርም አብሮ ጠፋ። በሁምቦ ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልሎ እንዲያገግም ሲያደርግ፣ ገበሬው ቀድሞ ካገኛቸው ጥቅሞች አንዱ የሚታጨድ ሣር ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ለሌለው ሰው ክዳን በየጥቂት ዓመቱ ማደስ ከባድ ወጪ ነው። ቆርቆሮ በእሳት አይያያዝም፣ ረጅም ዕድሜ ይቆያል፣ የዝናብ ውኃም ከአሸንዳው ይጠራቀማል።

ችግሩ የሚጀምረው በውፍረቱ ነው። ብዙው ቤት የሚለብሰው ስስ ጌጅ ቆርቆሮ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሢሶ አይበልጥም። ሶዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሰባት ዲግሪ እንኳ ስለማይሞላ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች፤ በቀሩት ወራትም ብዙ አትርቅም። ስለዚህ እዚህ አገር የፀሐይን ሙቀት በዋናነት የሚቀበለው ጣራ ነው። በጠራ ቀን ቆርቆሮው 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ የጋለው ብረት ደግሞ ወደ ታች በጨረር ያሞቃል። ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ አናቱ ላይ የሚሰማው ግለት አየሩ ብቻ አይደለም፣ ጣራው ራሱ ነው። በሌሊት ተራው ይገለበጣል። ሰማዩ ሲጠራ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ጠፈር እየለቀቀ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፤ ከሰው ትንፋሽና ከድስት የወጣው እንፋሎትም ሥሩ ላይ ይጤዝና ጠብ ጠብ ይላል። ዝናብ ሳይዘንብ ጣራው አፈሰሰ የሚባለው ይህ ነው። ሲዘንብማ ድምፁ መምህርን ትምህርት ያስቋርጣል።

ታዲያ ማሽን ይገዛ? ማሽኖቹ የሚሠሩበትን መንገድ ማወቅ ለመወሰን ይረዳል። ቬንቲሌተር አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ላባችን ቶሎ እንዲተን ያደርጋል። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ሰባት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። በእንስራ ያደረ ውኃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ነው፤ እንስራው በቀዳዳዎቹ ጥቂት ጥቂት እያላበ የቀረውን ያቀዘቅዛል። ባዶ ክፍል ውስጥ የሚሽከረከር ቬንቲሌተር ግን ኃይል ከማባከን በቀር የሚሠራው የለም።

ኤሲና ፍሪጅ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ውስጥ በዝግ ቱቦ የሚዞር፣ በቀላሉ የሚተንና በቀላሉ ፈሳሽ የሚሆን ነገር አለ። በቀዝቃዛው ወገን ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ኮምፕሬሰሩ ያንን ጋዝ ጨምቆ ያግለውና ወደ ውጪው ወገን ይልከዋል፤ እዚያ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆንና በጠባብ መተላለፊያ አልፎ እንደገና ይመለሳል። የፍሪጅ ጀርባ የሚሞቀው ከሆዱ የወጣው ሙቀት እዚያ ስለሚራገፍ ነው። ክፍል ላቀዝቅዝ ብሎ የፍሪጅ በር ከፍቶ የሚተው ሰው ክፍሉን የባሰ ያሞቃል። አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር በ1902 እ.ኤ.አ. ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ ሲነድፍ ዋና ጭንቀቱ ሰው አልነበረም፤ በእርጥበት የሚለጠጥ ወረቀት ነበር። ይኸው ማሽን ዑደቱ ሲገለበጥ ማሞቂያ ይሆናል፤ ሙቀት ስለማይፈጥርና ያለውን ብቻ ስለሚያጓጉዝ በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ያስገባል። ተራ ሂተር ግን አንድ በአንድ ነው።

ኃይሉ ሩቅ አይደለም። ወላይታንና ዳውሮን በሚለየው የኦሞ ሸለቆ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 የ1,870 ሜጋ ዋት አቅም አለው። 2,000 ሜጋ ዋት ወደ ኬንያ ሊያስተላልፍ የሚችለው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሳው ከሶዶ ነው። ለሶዶ መኖሪያ ቤት ግን፣ ከፍታዋ የሰጣት አየር እያለ፣ ኤሲ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። በቆላው ለሚገኝ ክሊኒክ ወይም የመድኃኒት መጋዘን ነገሩ ሌላ ነው።

ከማሽኖቹ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ማንደጃ ነው። ከሰል ሲነድ ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። የሣር ቤት በየቀዳዳው ይተነፍስ ነበር። በሲሚንቶ የተለሰነ፣ መስተዋት የገባለት፣ በሩ የሚገጥም አዲስ ቤት አይተነፍስም። አያት ያለ ጉዳት ያደረጉት ነገር የልጅ ልጅን የሚገድለው በዚህ ምክንያት ነው። ፍም ያለበት ማንደጃ፣ አመድ ቢለብስም፣ ሰው ከሚተኛበት ክፍል መውጣት አለበት።

ለቆርቆሮ ቤት ዋናው መድኃኒት ኮርኒስ ነው። ብዙ ባለቤት ኮርኒስን የቤት ጌጥ አድርጎ ይቆጥረውና ከቀለምና ከመስተዋት በኋላ ለመጨረሻ ያቆየዋል። ሥራው ግን የጠፋውን ሣር መተካት ነው፤ በቆርቆሮውና በሰው አናት መካከል የአየር ንብርብር ያስገባል፣ የጋለውን ብረት ጨረር ይጋርዳል፣ የሌሊቱንም ጤዛ ይቀንሳል። ቺፑድ ለማይችል አቡጀዴ ወይም የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢትም ይረዳል፤ ምድጃና አምፖል ካለበት መራቅ አለበት እንጂ። ቆላ ላይ ከኮርኒሱ በላይ፣ በቤቱ ሁለት ጫፍ፣ ወንፊት የተገጠመለት የአየር መውጫ ቢተውለት የተጠራቀመው ግለት በራሱ ይወጣል፤ ዝገት ያልያዘ፣ ነጭ የተቀባ ቆርቆሮም ፀሐይን አብዝቶ ይመልሳል። ደጋ ላይ ደግሞ ሥራው ከኮርኒሱ በላይ ደረቅ ጭድ በከረጢት መደርደር ነው፤ እሳትና የኤሌክትሪክ ገመድ እንዳይነካው፣ አይጥ እንዳይገባው እየተጠበቀ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ሰው፣ ሳሎኑን ሴራሚክ ከማልበሱ በፊት ልጆች የሚተኙበትን ክፍል ኮርኒስ ያሠራ።